«ባትሪው ሞቷል» ከማለታችሁ በፊት ቴስተር ይዛችሁ ኑ

ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ሶላሩን ለሸጠልኝና ለገጠመልኝ ድርጅት
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በትክክል ስላልተገጠመ ሶላር እና ስለተከለከልኩት ዋስትና

ጤና ይስጥልኝ።

የምጽፍላችሁ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ ነው። መብራት ኃይል እዚህ አልደረሰም። ትንሽ መድኃኒት ቤት አለኝ። ሶላሩን የገዛሁት ለፍሪጅ ነው። ፍሪጁ ውስጥ ደግሞ ኢንሱሊን አለ፤ ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቀመጥ አለበት። የቆላውን ሙቀት ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ልትገጥሙ የመጡት ልጆች በላብ ተጠምቀው ነው የሄዱት።

የገጠማችሁልኝ አራት ባለ 330 ዋት ፓኔል፣ ባለ 40 አምፔር ኮንትሮለር (ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠር)፣ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኃይል ፍሪጁ ወደሚሠራበት የሚቀይር) እና ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ ነው። ባትሪዎቹ ተያይዘው 24 ቮልት ይሰጣሉ። ሲሰላ 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛሉ ማለት ነው። ፍሪጁና ሁለት አምፖል ከምሽት እስከ ንጋት የሚበሉት ከ1 ኪሎዋት ሰዓት አይበልጥም። በወረቀት ላይ ከበቂ በላይ ነው።

የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ገደማ ኢንቨርተሩ ይጮህና ይጠፋል። ተነስቼ ባትሪው ስንት ፐርሰንት እንደቀረው የሚያሳየውን ስክሪን ሳይ 100 ይላል። ሞቆ ያደረ ኢንሱሊን ስንት ዲግሪ ላይ እንደደረሰ ስለማላውቅ ለታማሚ አልሸጥም። ጥዬዋለሁ። የገዛሁበትን ደረሰኝ አያይዣለሁ።

ስደውልላችሁ መጀመሪያ «ክረምት ነው፣ ደመና ነው» አላችሁኝ። እሺ አልኩ። መስከረም ጠባ፣ ጥቅምት ገባ፣ ሰማዩ ጠራ፤ ኢንቨርተሩ ግን መጮሁን አልተወም። ቀጥሎ ማንም መጥቶ ሳያይ «ባትሪው ሞቷል፣ ከአቅም በላይ ስለተጠቀማችሁበት ዋስትናው አይሸፍነውም» ተባልኩ። በማግስቱ የሁለት አዲስ ባትሪ ፕሮፎርማ በቴሌግራም መጣልኝ። ለዚህ ጊዜ ፈጣን ናችሁ።

እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። የራሳችሁ ስክሪን ከ100 ወርዶ አያውቅም። እሱን ካመንን ባትሪውን ነክቼውም አላውቅም። እናንተን ካመንን ደግሞ አሟጥጬ ገድዬዋለሁ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።

በሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ዘመድ አለኝ። ቴስተሩን ይዞ መጣ። ዋስትናው እንዳይበላሽ ምንም አልነካም፤ ለክቶ ፎቶ አንስቶ ብቻ ነው የሄደው። ፎቶዎቹ ከዚህ ጋር አሉ።

መጀመሪያ ያየው ስክሪኑን ነው። ይህ ስክሪን ፐርሰንቱን የሚያሰላው ሻንት በምትባል፣ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ በምትታሰር መለኪያ ያለፈውን ከረንት ቆጥሮ ነው። ስለዚህ ወደ ባትሪው የሚገባውም የሚወጣውም ሁሉ በእሷ በኩል ማለፍ አለበት። ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ከሻንቷ በቀር ሌላ ሽቦ አይታሰርም። እናንተ የኮንትሮለሩን ኔጌቲቭ ከሻንቷ ማዶ፣ ከባትሪው በተቃራኒ ባለው ጫፍ አሰራችሁ፤ ልክ ነው። የኢንቨርተሩን ኔጌቲቭ ግን በቀጥታ ባትሪው ላይ አሰራችሁት። በር ላይ ቆሞ የሚገባውን እየቆጠረ በጓሮ የሚወጣውን የማያይ ዘበኛ ቀጠራችሁልኝ ማለት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጭነቱ ሁሉ ጠፍቶ ባትሪው ካረፈ በኋላ ሲለካ 23.8 ቮልት ሆነ። የሞላ ባትሪ አርፎ ሲለካ 25.4 አካባቢ ነው፤ ግማሹ ሲቀር ደግሞ 24.4 ገደማ። የእኔ ከግማሽም በጣም ወርዷል። ስክሪኑ ያኔም 100 ይላል።

ከዚህ የባሰው ሽቦው ነው። ኮንትሮለሩን የሰቀላችሁት በሩ አጠገብ፣ ባትሪዎቹን ያስቀመጣችሁት ጓዳ ውስጥ ነው። በመካከላቸው 8 ሜትር ያህል ርቀት አለ። ያን ሁሉ በ6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ዘረጋችሁት። ቀትር ላይ 30 አምፔር ሲያልፍ ኮንትሮለሩ 29.2 ቮልት ያሳያል፤ ባትሪው ጫፍ ላይ ግን 27.8 ነው። 1.4 ቮልቱ ሽቦውን ሲያሞቅ ይቀራል። ኮንትሮለሩ የሚያየው የራሱን ጫፍ ስለሆነ «ባትሪው ጠገበ» ብሎ ከረንቱን መቀነስ ይጀምራል። ባትሪው ግን ገና እየተራበ ነው። እንዲህ ብዙ ቀን በቅጡ ሳይሞላ የከረመ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት የሚባል ነገር ይጋገርበታል፣ አቅሙም ይወርዳል። ታዲያ አሟጠጠው የምትሉት ማንን ነው?

በዚያ ላይ የኮንትሮለሩ ሴቲንግ የተደረገው ለጄል ሳይሆን ውኃ ለሚጨመርበት ባትሪ ነው። ባትሪዎቼ ላይ የተጻፈው የመሙያ ቮልት ለሁለቱ ሲደመር ከ28.2 እስከ 28.8 ነው። የእናንተ ሴቲንግ 29.2 ይሰጣል፤ በየወሩ ደግሞ ማመጣጠኛ ብሎ 29.6 ያደርሰዋል። ጄል ባትሪ ሲፈላ ያጣውን ውኃ የሚጨመርበት ቀዳዳ የለውም። ሽቦው ቮልቱን ይበላዋል እንዳትሉኝ። የሚበላው ብዙ ከረንት ሲያልፍ ብቻ ነው። ባትሪው ለመሙላት በተቃረበ ቀን ግን ከረንቱ ስለሚያንስ 29.2ቱ እንዳለ ለማለት ይቻላል ይደርሰዋል። በአንድ አገጣጠም ማስራብም ማቃጠልም ይቻላል ለካ።

የምጠይቀው የሚከተለውን ነው። ቴስተር ያለው ሰው ላኩ። የኢንቨርተሩን ኔጌቲቭ ወደ ሻንቷ ማዶ ያዙረው። ኮንትሮለሩን ባትሪው አጠገብ ያምጣው፤ ካልሆነም ወፍራም ሽቦ ይዘርጋ። ሴቲንጉን ጄል ያድርገው፣ ስክሪኑ ላይም ትክክለኛውን 200 አምፔር ሰዓት ይሙላ። ከዚያ ባትሪው በደንብ ከሞላ በኋላ እኔ ባለሁበት በሚታወቅ ጭነት ይፈተን፤ ስንት ሰዓት እንደቆየና ቮልቱ ስንት እንደወረደ ተጽፎ ይሰጠኝ። አቅሙ ወርዶ ከተገኘ የጎዳው አገጣጠማችሁ ስለሆነ በዋስትናው ይቀየርልኝ። የጣልኩትን ኢንሱሊን ዋጋም ተኩልኝ። የመምጫ የትራንስፖርት ሒሳብ እንዳትጠይቁኝ ከወዲሁ ልንገራችሁ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ ለደረሰበት ጉዳትም የመካስ መብት እንዳለው ይናገራል። በ15 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁልኝ ይህንኑ ደብዳቤ ከፎቶዎቹ ጋር ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ። ሰው ከላካችሁ ግን ከቀትር በፊት ይድረስ፤ የሽቦው ነገር በደንብ የሚታየው ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ነው።

ከሰላምታ ጋር
የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት

አባሪ፦ የግዥ ደረሰኝ፣ የዋስትና ካርድ ኮፒ፣ የልኬት ፎቶዎች፣ የኢንሱሊን ደረሰኝ