አባዬ፣ «ሐኪም ሳትሆኚ» ላልከኝ

አባዬ እንደምን ከረምክ፣ ስኳርህስ እንዴት ነው፣ መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው አይደል? ባለፈው በስልክ «ሐኪም ሳትሆኚ የሰው አእምሮ እንዴት ትነኪያለሽ» ያልከኝ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ፣ ኔትወርኩ ደሞ አላስወራን ስላለ ይሄው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው።

እውነትህን ነው፣ እኔ የያዝኩትን ሳይኮአናሊሲስ፣ ማለት ሰውን እያስወሩ አእምሮውን ማከምን፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ይሥራው አይሥራው በሚለው የሙያው ሰዎች ራሳቸው ሲጣሉ ኖረዋል። ሙያውን የጀመረው ፍሮይድ ራሱ የነርቭ ሐኪም ነበር፣ ግን ቪየና ውስጥ ቴዎዶር ራይክ የሚባል ተማሪው፣ በሳይኮሎጂ ዶክትሬት ያለው ሕክምና ግን ያልተማረ፣ በፈረንጆች 1926 ሐኪም ሳይሆን ሰው ያክማል ተብሎ ችግር ውስጥ ሲገባ ፍሮይድ ዝም አላለም፣ በዚያው ዓመት መጽሐፍ ጽፎ ተሟገተለት። ለዚህ ሥራ ከአናቶሚ ይልቅ አፈ ታሪኩን፣ ሃይማኖቱን፣ ሥነ ጽሑፉን ማወቅ ይጠቅማል ነው የሚለው። የገዛ ልጁ አናም እኮ አስተማሪ ነበረች እንጂ ሐኪም አልነበረችም።

አሜሪካኖቹ ግን አሻፈረኝ አሉ። በ1938 የሳይኮአናሊስቶች ማኅበራቸው ሐኪም ያልሆነ ሰው አይሰልጥን ብሎ በሩን ዘጋ፣ ራይክም ናዚዎችን ሸሽቶ ኒውዮርክ የመጣው በዚያው ዓመት ነው፣ አላስገባ ሲሉት በ1948 የራሱን ማሰልጠኛ አቋቋመ። በሩ በደንብ የተከፈተው ሳይኮሎጂስቶች በ1985 ማኅበሩን ፍርድ ቤት ከስሰው በ1988 ሲስማሙ ነው። ያን ሁሉ ዘመን መዝጋታቸው ለበሽተኛው ብቻ ታስቦ ነው ብዬ አላምንም፣ ገበያም ነበረበት። አሁን ኒውዮርክ ላይ ለሳይኮአናሊስት ራሱን የቻለ ላይሰንስ አለ፣ ማስተርስና ረጅም ስልጠና ይጠይቃል፣ ደሞ መጀመሪያ እኔ ራሴ በሌላ ሳይኮአናሊስት እታያለሁ፣ ይሄ ግዴታ ነው።

አንተ የፈራኸውን ግን ፍሮይድም ፈርቶታል፣ ሰውየው መጀመሪያ በሐኪም ይታይ ይላል። ልክ ነው እኮ፣ የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያከሳል፣ እኔ ጭንቀት ነው ብዬ ስለ ልጅነቷ ዓመት ሙሉ ሳስወራት ሴትዮዋ የምትፈልገው የደም ምርመራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማንንም ከመጀመሬ በፊት ሐኪም ጋ ሄደሃል ወይ፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለህ ብዬ እጠይቃለሁ፣ ከተጠራጠርኩ እልካለሁ።

ይሄን ደሞ ከማንም በላይ የምታውቀው አንተ ነህ አባዬ። ድሬሰር ሆነህ መርፌውን ቡታጋዝ ላይ እየቀቀልክ ያን ሁሉ ሰው ስትረዳ ዶክተር አልነበርክም፣ ግን ምጥ የጠናባትን ሴት ሌሊት በቃሬዛ ሲያመጡልህ «ይቺ ከአቅሜ በላይ ናት፣ አሁኑኑ ሆስፒታል» ብለህ ጋቢህን ደርበህ አብረህ ትሄድ ነበር። እኔም መማር የምፈልገው የቱ የኔ እንደሆነ የቱ እንዳልሆነ መለየቱን ነው።

እስቲ ከአቅምህ በላይ መሆኑን በምን ታውቅ እንደነበር ንገረኝ፣ መጻፉ ካስቸገረህ ለእህቴ ንገራትና በቴሌግራም ቮይስ ትላክልኝ። እማዬን ሳሚልኝ።

ልጅህ