ፊልም እንጀራ ይሆናል ወይ ላሉኝ አባቴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ "ለአያቴ አሳዩልኝ" እያለች ታስቸግራለች። ትልቁ ኳስ ብቻ ነው ሥራው።

የዓይንዎ ነገር እንዴት ሆነ? እህቴ "ቀጠሮውን አሁንም አስተላለፉት" አለችኝ። ሞራውን ገፈው በዚያው ቀን ነው ወደ ቤት የሚልኩዎት። ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ በግ እንዳይገዙበት አደራ።

ባለፈው ስልኩ የተዘጋ መስሎዎት ለእንግዳዎ "ልጄ አሜሪካ የሒሳብ ሠራተኛ ነው" ሲሉ ሰማሁ። ሒሳብ ከተውኩ እኮ ዘመን የለውም! ፊልም ነው የማስተምረው። ያኔ "ፊልም እንጀራ ይሆናል ወይ?" ብለው ስልኬን አላነሳም ማለትዎ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ያገርዎን ልጅ፣ ፊልም ሠሪውን ኃይሌ ገሪማን ያውቁታል። የእሱ አባት ጎንደር ላይ ተውኔት ይጽፉ ነበር። እሱ በፈረንጆቹ 1967 ትያትር ሊማር መጣ፤ በኋላ ሎስ አንጀለስ ገብቶ ፊልም ያዘ። ከ1975 ጀምሮ ዋሽንግተን ባለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። እንጀራው ማስተማሩ ነበር፤ ፊልሙን ማንም እንዲያዝበት አልፈለገም። በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን "ሳንኮፋ"ን የሚያከፋፍልለት ሲጠፋ፣ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ አሳየው። ጥቁሩ ሕዝብ ተሰልፎ ገባ። በኋላም ከባለቤቱ ጋር እዚያው ዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት መጻሕፍት ቤት ከፈቱ፤ እኔም ቡና የምጠጣው እዚያ ነው። ሌላው ፊልሙ "ጤዛ" ደግሞ ገንዘብ ሲለመንለት ዓመታት ፈጀ፤ በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ ተሸለመ። ታሪኩ ጣና ዳር ነው፣ አባባ። እናትየዋን ቢያዩ አያቴን ያስታውሱዎታል።

እኔ ኃይሌ አይደለሁም። ግን በዚሁ መንገድ እየኖርኩ ነው፤ ልጆቼም ጦማቸውን አላደሩም።

ፊልሜን ጭኜ የላክሁልዎት ፍላሽ ከነማሸጊያው መሳቢያ ውስጥ፣ ከመብራት ደረሰኞቹ ሥር ተቀምጧል አሉ። ድሮ ቢሆን "ሲመቻቸው ያዩታል" ብዬ እተወው ነበር። አሁን ግን ዓይንዎ... ይሁን፣ ብቻ ቀጠሮውን ያስይዙ። ሲሻልዎት እህቴ ቴሌቪዥኑ ላይ ትሰካልዎታለች። ካልወደዱትም ይንገሩኝ፤ ዝም ከሚሉኝ ይሻለኛል።

የግፊቱን ኪኒን ደግሞ "ዛሬ ደህና ነኝ" ብለው እንዳይዘሉት።

ልጅዎ