የግቢያችን ሲሚንቶ ለምን ቀረ?

ለተከበራችሁ ወላጆች፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ግቢውን ሲሚንቶ እናስደርጋለን ብለን ገንዘብ አዋጥታችኋል። ሥራው ለምን ቆመ ብላችሁ የጠየቃችሁኝም ብዙ ናችሁ። ቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ ይቅርታ።

ባለፈው ሳምንት በረፍት ሰዓት በረንዳው ላይ ቆሜ ነበር። ሜዳው ባዶ ነው። ልጆቹ በሙሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ወይራ ሥር ተፋፍገዋል። ቦታ ያጡት ግድግዳ ታከው ቆመዋል። ወይራዋ አጠገብ አንዲት ኮሶ ነበረች። ለመኪና ማቆሚያ ብዬ ያስቆረጥኳት እኔው ነኝ። አሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ የጥላ ብቻ አይደለም። በቻይናዋ ጓንግዡ በ12 ትምህርት ቤቶች የ1ኛ ክፍል ልጆች ላይ ጥናት ተደርጓል። ግማሾቹ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ 40 ደቂቃ የውጭ ክፍለ ጊዜ ጨመሩ። ከ3 ዓመት በኋላ እዚያ ሩቁን ማየት የተሳናቸው ከ100 ልጆች 30 ገደማ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ 40 ገደማ ነበሩ። ለዓይን የበጀው የቀኑ ብርሃን ነው ይባላል። ይሁን፤ ግን በጋለ ሲሚንቶ ላይ 40 ደቂቃ ማን ይቆማል?

ደግሞ መስኮቶቻችን አሉ። ልጆች ውጭ ውጭ እንዳያዩ ተብሎ የታችኛው መስታወት ቀለም ተቀብቷል። ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 አሜሪካውያንን ይመለከታል። በመስኮታቸው ዛፍ የሚታያቸው፣ የጡብ ግድግዳ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ። ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ልጆቻችን በሽተኞች አይደሉም። ቢሆንም ጦሳን የሚያህል ተራራ ፊት ለፊታችን ቆሞ በቀለም መጋረዳችን አልዋጥ አለኝ። ቀለሙን መፋቅ ጀምረናል።

ጭቃ የሚበዛበት የባንዲራው ዙሪያና የመጸዳጃ ቤቱ መንገድ ድንጋይ ይነጠፋል። ስለ ዩኒፎርሙ አታስቡ ማለቴ ግን አይደለም፤ ክረምት ክረምት ነው። በቀረው ቦታ ኮሶ፣ ወይራና ጥድ እንተክላለን። ለትንንሾቹ ጤና አዳምና በሶብላ ያለበት መደብ ይኖራቸዋል፤ እያሸተቱ ይጫወቱ።

ባህር ዛፍ ግን አደራ፣ እንዳታመጡ። ለማገዶና ለአጠና ወደር የለውም። ውሃ ግን ይጨርሳል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አይበቅልም።

ደቦው የሐምሌ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው። ዶማ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ቡናው ከእኛ፣ ቆሎው ከእናንተ። የተዋጣው ገንዘብ ሒሳብ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር፣ ደሴ