መንገድ ተዘግቶ ሳለ

ውድ ልጄ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የመኖሪያ ፈቃድሽ መልስ እስካሁን እንዳልመጣ፣ አንቺም «ነገ ቢመልሱኝ ጀርመንኛው ምን ያደርግልኛል፤ ትምህርቱን ልተወው ነው» ማለትሽን እናትሽ ነገረችኝ። በስልክ ሳናግርሽ ሐሳቤን ሳልጨርስ እየተቋረጠ ስለሚያስቸግር መጻፉን መረጥኩ። «ተስፋ አትቁረጪ» ሰው ሁሉ የሚልሽ ነው፤ እኔ ደግሞ ልደግመው አልፈልግም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ስለተረጎሙት ስለ ኦነሲሞስ ነሲብና ስለ አስቴር ጋኖ ልንገርሽ።

ኦነሲሞስ በልጅነቱ ሂካ ይባል ነበር። የተወለደው ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ፣ በ1856 ገደማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፍልሻለሁ)። አባቱ የሞቱት ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ጥቂት ከፍ እንዳለ ባሪያ ፈንጋዮች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት፤ ራሱ በኋላ እንደጻፈው ስምንት ጌቶች ተቀባበሉት። በ1870 ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና እዚያው በስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። በ1872 የፋሲካ ዕለት ተጠመቀ፤ ስዊድን ተልኮ አምስት ዓመት ተማረ። ይህንን እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይተርከዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ነጻ ወጥቷል፣ ተምሯል፤ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አገሩ ገብቶ ወንጌልን በኦሮምኛ ማስተማር። የውጭ ሚሲዮናውያን በመሀል አገር እንዳያልፉ ስለተከለከለ እሱና የሚሲዮኑ ባልደረቦቹ በሱዳን በኩል ዞረው ወለጋ ለመግባት ሞከሩ። ድንበሩ አጠገብ ፋማካና አሶሳ ደርሰው ተመለሱ፤ እሱም በትኩሳት እየነደደ በ1882 ካርቱም ገባ። በ1886 እንደገና ወጡ፤ እንጦጦ ደረሱ። ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት፣ በቦታው አልነበሩም፤ ጣይቱ እንዲያልፉ አልፈቀዱም። ዳግመኛ ምጽዋ አጠገብ ወዳለው የሚሲዮኑ ጣቢያ፣ ወደ እምኩሉ ተመለሰ። በዚያ በምጽዋ ሙቀት ተቀምጦ «ጊዜው ይምጣና ያኔ እሠራለሁ» ቢል ማን ይፈርድበት ነበር?

እሱ ግን ለኦሮሞ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ፣ መጽሐፍ ቅዱስንም መተርጎም ጀመረ። የሚያነቡት ሰዎች አገር ለመግባት ፈቃድ የለውም፤ ይገኛል የሚል ምልክትም የለም። በዚያ ላይ ሥራውን እንደጀመረ ሌላ ችግር ገጠመው፦ ከአገሩ በልጅነቱ ስለወጣ የቋንቋው ለዛና ዘይቤ ከእጁ አምልጧል። ቋንቋውን ከልጁ የነጠቀው ባርነት ነው።

አስቴር ጋኖ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት ባሪያ የነበረች ወጣት ናት። በ1886 ለሽያጭ ወደ ዓረብ አገር በጀልባ ስትወሰድ የጣልያን መርከብ ደርሶ አስጣላትና እምኩሉ ተላከች። ልጄ፣ ይቺን ልጅ አስቢያት። እናት አባቷ አጠገቧ የሉም፣ ንብረት የላትም፤ ያላት በጭንቅላቷ የያዘችው ተረት፣ እንቆቅልሽ፣ ምሳሌና ዘፈን ብቻ ነው። እነሱን ነበር ሥራው የጠበቀው። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጀች፤ 500 የሚሆኑ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና መዝሙሮች በቃሏ አስታውሳ ጻፈች፤ ብዙዎቹ በ1894 በወጣው የኦሮምኛ ማንበቢያ ውስጥ ታተሙ። በትርጉሙም ድርሻዋ ትልቅ ነው፤ ያም ሆኖ መጽሐፉ የሚጠራው በኦነሲሞስ ስም ነው፣ እሷን የሚያነሳት ጥቂት ሰው ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ነው ስሟን ደጋግሜ የምጽፍልሽ።

አዲስ ኪዳን በ1893 ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅዱስ ክሪሾና በተባለ ቦታ ታተመ። ፊደሉ የእኛው የግዕዝ ፊደል ነው፤ ነቀምት ያለችው አያትሽ ትራሷ ሥር አድርጋው የምትተኛው ያ መጽሐፍ የእነሱ ትርጉም ነበር። ወለጋ የገቡት በ1904 ነው። ኦነሲሞስ ተነጥቆ ከተወሰደ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።

ሁሉ ነገር አማረ ብዬ አላታልልሽም። በአካባቢው ካህናት ተከሶ በግንቦት 1906 አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ አቡኑም እንዲሰደድ ፈረዱ። አፄ ምኒልክ ፍርዱን ሽረው ነቀምት እንዲመለስ ፈቀዱለት፣ ስብከት ግን ከለከሉት። (ይህን የማነሳው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም፤ ያደግሽው በኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን እጅ እየበላሽ ነው።) እንግዲህ አስቢው፦ ዕድሜውን ሙሉ ሊሰብክ የተመኘበት ምድር ደርሶ አፉ ተያዘ። ያን ጊዜም ነቀምት ያለውን ትምህርት ቤቱን ይዞ ቀጠለ። በ1916 ልጅ ኢያሱ በይፋ እንዲሰብክ ፈቀዱለት፤ በ1931 ነቀምት እስኪያርፍ ድረስ ሰበከ።

ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥት ፈተናን፣ ፈተናም ተስፋን ያደርጋል ይላል። ተስፋን መጀመሪያ ላይ አላስቀመጠውም። ለብዙ ዘመን እኛ ሽማግሌዎች ለወጣቶች ስንናገር ቅደም ተከተሉን የምንገለብጥ ይመስለኛል፤ ሰው መጀመሪያ ተስፋ እንዲሰማው፣ ከዚያ እንዲነሳ እንጠብቃለን። ኦነሲሞስ ከእንጦጦ ሲመለስ ምን እንደተሰማው ማንም ሊነግርሽ አይችልም፤ ምን እንደሠራ ግን የታተመው መጽሐፍ ይመሰክራል። አንቺም ዛሬ ደስ ካላለሽ፣ ብታለቅሺም፣ እምነቴ ጎደለ ብለሽ ራስሽን አትክሰሺ።

ጠበቃዋ ያለችሽን ቀጠሮ እንዳታሳልፊ። የጀርመንኛውን ትምህርት ግን ከመተውሽ በፊት አንድ ጊዜ ደውይልኝ፤ የወር ክፍያው ከብዶሽ ከሆነ ከወንድምሽ ጋር ተነጋግረናል፣ እንካፈለዋለን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታለች፤ በሚቀጥለው ወር ወደዚያ የሚመጣ ሰው አግኝተናል፣ አድራሻሽን በደንብ ጽፈሽ ላኪልን።

የሚወድሽ አባትሽ