የወሎ ብርድ ክረምትን አይጠብቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቅርቡ ለእግር ተጓዦች ያወጣችሁትን ምክር ያነበብኩት ላሊበላ፣ ቡና እያፈላሁ ነው። «ለክረምት ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ለበጋ ስስ» ይላል፤ ስሊፒንግ ባግ ማለት ሰው ገብቶበት የሚተኛ፣ ውስጡ ሙሌት ያለው የመኝታ ከረጢት ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ ይህንን አምኖ ኅዳር ላይ ስሱን ጠቅልሎ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ የሰው ልጅ ታየኝና ብዕር አነሳሁ።

ጽሑፉ ከፈረንጅ አገር የመጣ ይመስለኛል። የእነሱን የብርድ ወራት «ክረምት» ብላችሁ ተረጎማችሁት፤ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። የእኛ ክረምት የዝናብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ሌሊት እንደ ጋቢ አፍኖ ያቆይላታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሙቀቱ ሽቅብ ይበናል፣ ጠዋት ስትነሱ ድንኳኑ በውርጭ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለውስ ለምን ሆነና!

እኔ ተራራ ለሚወጡ እንግዶች ወጥ ሠሪ ነኝ። ሥራውን በጀመርኩበት ዓመት ደሴ፣ ልባሽ ጨርቅ ከሚሸጥበት ሰማያዊ ስሊፒንግ ባግ ገዛሁ። ሻጩ መለያውን በጣቱ እየነካ «ይኸው፣ ከዜሮ በታች 18! በረዶ ላይ ብትተኚ አይነካሽም» አለኝ። ቁጥሩ እውነትም ተጽፏል። የመጀመሪያዋን ሌሊት ጅባራው መሐል ድንኳን ተክለን አደርን ልበል እንጂ፣ እኔስ አላደርኩም፤ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነጋ። ወገቤ ከመሬቱ ጋር የተጣበቀ መሰለኝ።

ጠዋት አንዲት እንግዳ መለያውን አንብባ አስረዳችኝ። መለያው ላይ ያሉት ቁጥሮች ሦስት ናቸው፤ ሻጩ ያሳየኝ የመጨረሻውን ነው። የእኔው ላይ 3፣ ከዜሮ በታች 2 እና ከዜሮ በታች 18 ይላል። የመጀመሪያው ቁጥር፣ ሴት ሳይበርዳት ተዝናንታ የምትተኛበት ልክ ነው። ሁለተኛው ወንድ ኩርምት ብሎ እንደምንም የሚያነጋበት ነው። ሦስተኛው የመኝታ ሳይሆን የነፍስ ቁጥር ነው፤ አንዲት ሴት ስድስት ሰዓት ያህል በብርድ ሳትሞት ልትቆይ ትችላለች ማለት እንጂ ጣቷን ውርጭ አይበላትም ማለት እንኳ አይደለም። አይኤስኦ 23537 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚለካው እንዲህ ነው። ስለዚህ ሴቶች የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ እዩ። ወንዶችም ብትሆኑ እሱኑ ብታዩ አይጎዳችሁም፤ ተራራ ላይ ጉራ አያሞቅም።

ይኸው ልኬት የሚወሰደው ደግሞ ስሊፒንግ ባጉን ምንጣፍ ላይ ዘርግተው፣ የውስጥ ልብስና ካልሲ የለበሰ፣ ሰው የሚያህል የሚሞቅ አሻንጉሊት አስተኝተው ነው። ምንጣፍ የሚለውን ልብ በሉ። የእኔ ጥፋት ያለ ምንጣፍ መተኛቴ ነበርና።

በማግስቱ ማታ በቅሎ ጫኛችን፣ ስድሳውን ያለፉ አዛውንት፣ እሳት ዳር ስንቀጠቀጥ አይተው «እታለም፣ ብርዱ ከላይ የሚመጣ መስሎሻል? ከታች እኮ ነው» አሉና የበቅሎዋ ጭነት ላይ የነበረውን አጎዛ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርገው አነጠፉልኝ። እሳቸው ባናቸውን ተከናንበው ጀንዲ ላይ ተኙ። ያን ሌሊት፣ በዚያው ሰማያዊ ስሊፒንግ ባግ፣ ዶሮ ጮኸ አልጮኸ ሳልሰማ ነጋልኝ። ምክንያቱ ኋላ ገባኝ። ሙቀት የሚይዘው በሙሌቱ መሐል ያለው አየር ነው፤ ሰው ሲተኛበት ከጀርባው ያለው ሙሌት ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል፣ ገላና መሬት ይገናኛሉ። የበግ ፀጉር ቶሎ አይጨፈለቅም። የሚነፋ ፍራሽ የምትገዙ ከሆነ አር ቫልዩ የሚል ቁጥር ተጽፎበታል፤ ሙቀታችሁ ወደ መሬት እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚናገር ነው፣ በበዛ ቁጥር ይሻላል፤ ለውርጭ ሌሊት ከ4 ባያንስ ጥሩ ነው። ካጣችሁ አጎዛ ያዙ፣ አታፍሩበት።

ስንት ዲግሪ ይበቃል ለሚል፣ እኔ በጣቴ የምቆጥረው እንዲህ ነው። ከፍታ 1,000 ሜትር ሲጨምር አየሩ በአማካይ 6 ተኩል ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ የአቡነ ዮሴፍ ጫፍ ከ4,200 በላይ ነው። ከተማው ሌሊቱን 12 ዲግሪ ካደረ፣ ላይኛው ወደ 1 ይወርዳል ማለት ነው፤ ሰማዩ ከጠራና ንፋስ ከመጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለጥቅምት፣ ለኅዳርና ለታኅሣሥ የመጀመሪያው ቁጥሩ ከዜሮ በታች 5 የሆነ ይዛችሁ ውጡ። ቆላ ወርዳችሁ ባቲ የምታድሩ ከሆነ ግን ስሊፒንግ ባጉን ተዉት፤ አንሶላና አጎበር ይበቃችኋል፣ እዚያ ጠላታችሁ ብርድ ሳይሆን ትንኝ ነው።

ላባ ነው የሚሻለው ወይስ ሰው ሠራሽ ሙሌት? መጽሔቶች ላባን ያወድሳሉ፤ ቀላል ነው፣ ሲጠቀለል ትንሽ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ላባ ከራሰ ተጣብቆ ይቀራል፣ ለመድረቅም ቀን ይፈጃል። በበልግ ዝናብ ወይም ቦረና ሳይንት በደንቆሮ ደን ጉም ውስጥ ለሚሄድ ሰው ሠራሹ ይሻላል፤ ቢረጥብም ትንሽ ሙቀት አይነፍግም፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ከባድ ነው ትሉ ይሆናል። የሚሸከመው እኮ በቅሎ ነው! የክብደት ነገር የሚያስጨንቀው በራሱ ጀርባ ለሚጭን ነው፤ እሱ በደረቁ ወራት ላባ ይግዛ፣ አልቃወምም።

ደግሞ በጣም ሰፊውን አትምረጡ። ትርፍ ቦታውን የምታሞቀው ገላችሁ ናት። ራሳችሁን ሸፍናችሁ ወደ ውስጥ አትተንፍሱ፤ ትንፋሹ ሙሌቱን ያረጥበዋል፣ ለአፍንጫ የሚሆን ክፍተት ተዉ። ከመተኛታችሁ በፊት በሶ ቢጤ ቅመሱ፤ ባዶ ሆድ የሚያነደው የለውም። ቤት ስትገቡም በጠባቡ ከረጢት እንደታጨቀ አታስቀምጡት፤ ፀሐይ አስመትታችሁ ልቀቁት፣ ካልሆነ ሙሌቱ እንደተጨፈለቀ ይቀራል።

ለዝግጅት ክፍሉ ያለኝ ልመና አንድ ነው። እንዲህ ያለ ምክር ስታወጡ «ክረምት፣ በጋ» ከማለት ወሩን በስሙ ጻፉልን።

ያ ሰማያዊ ስሊፒንግ ባግ ዛሬም ቤቴ አለ። ሐምሌ ላይ እንግዳ ሲበዛብን ልጄ መደብ ላይ ዘርግታ ትተኛበታለች፤ እስካሁን በረደኝ ብላ አታውቅም።

አክባሪያችሁ
የተራራ ወጥ ሠሪ፣ ከላሊበላ