ደብዳቤ ለልጄ፦ ከአማትሽ ጋር በመርከብ ለምትሄጂው ጉዞ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሰኔ መጨረሻ

ለምወድሽ ልጄ ለቤተልሔም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? እኛ ሙቀቱ ከመበርታቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

በነሐሴ መጀመሪያ ከባለቤትሽና ከሐረር ከሚመጡት አማትሽ ጋር ከማያሚ ተነሥታችሁ የሜክሲኮዋን ኮዙሜልን፣ ግራንድ ኬይማንንና ጃማይካን በመርከብ ልታዩ መሆኑን ስትነግሪኝ በጣም ደስ ብሎኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ልነግርሽ የሚገባኝ ብዙ ነገር እንዳለ ስለተሰማኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። አክስትሽ በዚያው መንገድ ይዛኝ በሄደች ጊዜ በዓይኔ ያየሁትን፣ ከእኛ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጡ ከነበሩና ባሕር ከለመዱ ተጓዦች የሰማሁትንም ጨምሬ ነው የምጽፍልሽ። ከሁሉም አስቀድመሽ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው፣ በመዝናኛ መርከብ ላይ ሰውን የሚያስቸግረው ማዕበሉ ሳይሆን ወረቀት፣ መድኃኒትና ሰዓት መሆኑን ነው። በተለይ አንድ አዛውንት ይዞ ለሚሄድ ሰው እነዚህ ሦስቱ መርከቡ ላይ ከተወጣ በኋላ የሚታረሙ አይደሉም።

ከወረቀቱ ልጀምር። አንቺና ባለቤትሽ ግሪን ካርዳችሁን ከፓስፖርታችሁ ጋር መያዝ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ፤ የእኔ ስጋት የአማትሽ ነው። መርከቡ ከማያሚ ወጥቶ ሌላ አገር ደርሶ ስለሚመለስ፣ የአሜሪካ ቪዛቸው ስንት ጊዜ እንደሚያስገባ ከፓስፖርታቸው ላይ አይተሽ አረጋግጪ፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ትኬቱን ከመቁረጥሽ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው አማክሪ። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ የያዘን ሰው ሜክሲኮ የራሷን ቪዛ አትጠይቀውም። ኬይማንና ጃማይካ ግን የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው የእያንዳንዱን ወደብ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ለይተሽ ጠይቂ። «እኔ እዚያ ወደብ ላይ አልወርድም» ማለት መፍትሔ እንዳይመስልሽ፤ ወረቀቱ ያልተሟላን ተጓዥ ኩባንያው ገና ከመነሻው ሊመልሰው ይችላል። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ ሊጠየቅ ስለሚችል አማትሽ ቢጫ ካርዳቸውን እንዳይረሱ እኔም ሐረር ደውዬ እነግራቸዋለሁ። አደራሽን፣ ከዚህ ሲነሡ ሰው «ለእገሌ አድርሱልኝ» ብሎ የሚሰጣቸውን ዕቃ ሁሉ እንዳይቀበሉ አንቺም ንገሪያቸው። ጫት እዚህ በየደጁ የሚሸጥ ቢሆንም አሜሪካ ውስጥ የተከለከለ ዕፅ ነው፤ በአንዲት ትንሽ ቋጠሮ ምክንያት እኒያን የመሰሉ ሴት ጉምሩክ ላይ እንዲቆሙ አልፈልግም።

ማያሚ የምትደርሱት መርከቡ በሚነሣበት ቀን ጠዋት ከሆነ ትኬቱን ለውጡት። አውሮፕላን ይዘገያል፣ ሻንጣ ይጠፋል፤ መርከቡ ደግሞ ለሦስት ሰው ብሎ አይቆምም። የአንድ ሌሊት የሆቴል ክፍያ ሙሉውን ጉዞ ከማጣት ይሻላል። ወሩ ነሐሴ መሆኑንም አትርሺ። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው፤ ካፒቴኑ ማዕበል ሲያይ ወደብ ሊለውጥ ወይም ሊሰርዝ መብት አለው። ስለዚህ ገንዘቡ የማይመለስ የየብስ ጉብኝት አስቀድመሽ አትክፈዪ። የጉዞ ኢንሹራንሱንም አሁን ግዢ፤ አውሎ ነፋሱ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ኢንሹራንስ ያንን አውሎ ነፋስ አይሸፍንም። ውሉ በድንገተኛ ሕመም ከመርከብ ወደ ሆስፒታል የማጓጓዝ ወጪን የሚሸፍን ይሁን። መርከቡ ሐኪምና ክሊኒክ አለው፤ ነገር ግን የሚታከሙት ከፍለው ነው፤ ዋጋውም ቀላል አይደለም።

መድኃኒትን በሚመለከት አጥብቄ የምለምንሽ አንድ ነገር አለ። ወደብ ስትደርሱ ትልልቅ ሻንጣዎቻችሁን ተሸካሚዎች ተቀብለው ይወስዷቸዋል፤ ካቢናችሁ (የመኝታ ክፍላችሁ) በር ላይ የምታገኟቸው ግን አንዳንዴ ማታ ነው። የአማትሽ የግፊትና የስኳር መድኃኒት፣ መነጽራቸው፣ ፓስፖርቶቹና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ውስጥ መሆን አለባቸው። መድኃኒቱ ከነማሸጊያው፣ ከጉዞው ቀናትም ጥቂት ተርፎ ይያዝ። ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ የካቢኑ ትንሽ ማቀዝቀዣ በቂ ቅዝቃዜ ላይኖረው ስለሚችል አስቀድመሽ ለኩባንያው አሳውቂ።

ስለ ማቅለሽለሽ ብዙ ሰው ይፈራል፤ ትልልቆቹ መርከቦች ውኃው ውስጥ መወዛወዙን የሚቀንስ ክንፍ ስላላቸው ብዙውን ጊዜ መንቀሳቀሳቸው እንኳ አይታወቅም። ይሁን እንጂ ካቢን ስትመርጡ ከመርከቡ መሐልና ከዝቅተኛው ፎቅ ምረጡ፤ ማዕበል ሲነሣ ከፍ ዝቅ የሚለው ጫፍና ጫፉ ነው። በመዋኛ ገንዳው ሥር ያለ ካቢን ግን አትውሰዱ፤ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ወንበር ሲጎተት ትሰማላችሁ። ለአማትሽ ጉልበት ሲባል አሳንሰሩ ቢቀርብ ጥሩ ነው። አክስትሽን በመጀመሪያው ሌሊት ሲያጥወለውላት የምግብ አዳራሹ አስተናጋጅ ማንም ሳይነግረው አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት አምጥቶ ሰጣት፤ ከዚያም ደጅ አውጥቶ ሰማይና ውኃ የሚገናኙበትን መስመር እንድትመለከት ነገራት፤ ተሻላትም። የዝንጅብል ከረሜላ ያዙ። ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈውን መድኃኒት ግን ለአማትሽ ያለ ሐኪም ምክር እንዳትለጥፊላቸው፤ ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ላለበት ዓይን አደገኛ ነው፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎችንም ግራ ሊያጋባ ይችላል።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ኮዙሜል ላይ እኔና አክስትሽ ቀደም ብለን ገብተን ከላይኛው ፎቅ አጥር ተደግፈን ወደቡን እናይ ነበር። ወንድና ሴት፣ በሁለት እጃቸው ፌስታል አንጠልጥለው፣ በዚያ ረጅም የወደብ መድረክ ላይ ሲሮጡ አየን። ሴትየዋ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች። መርከቡ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ያበረታታቸዋል፤ ነገር ግን መሰላሉ ተነሥቶ ገመዶቹ እየተፈቱ ነበር። ከመድረሳቸው በፊት በመርከቡና በወደቡ መካከል ውኃው ታየ። በኋላ በራሳቸው ወጪ በአውሮፕላን ዞረው በሌላ ወደብ ላይ ደረሱብንና በእራት ሰዓት ነገሩን፦ ስልካቸው ገና አንድ ሰዓት እንደቀራቸው ያሳያቸው ነበር።

ምክንያቱን አባትሽ በካርታ ላይ አስረዳኝ። ማያሚ በበጋቸው ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ታስኬዳለች፤ ኮዙሜል ያለችበት የሜክሲኮ ግዛት ከ2015 ጀምሮ ሰዓቷን አትለውጥም፤ ጃማይካና ኬይማንም እንዲሁ። ስለዚህ በነሐሴ ሦስቱም ወደቦች ከማያሚ አንድ ሰዓት ወደኋላ ናቸው። ስልክ ከየብስ ጋር ሲገናኝ ራሱን ይለውጣል፤ መርከቡ ግን ብዙ ጊዜ በማያሚ ሰዓት ይጓዛል። ካፒቴኑ ሰዓት ከለወጠ በማስታወቂያ ይነገራል፤ ካልተነገረ ሰዓታችሁን እንዳትነኩ። ሦስታችሁም የእጅ ሰዓት እሰሩና ስትሳፈሩ በመርከቡ ሰዓት ሙሉት፤ ወደብ ላይ ስልክ አትዩ። ለአማትሽ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ ለጉብኝት «10፡00» ተብሎ የተጻፈውን እርሳቸው በእኛ አቆጣጠር የከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ የየቀኑን ሰዓት በአማርኛ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ በትልቁ ጽፈሽ ካቢናቸው ውስጥ ለጥፊላቸው። የካቢን ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆነ ሁለት ማግኔት ብትይዢ ወረቀቱም ልብሱም ይሰቀልበታል።

የድሬዳዋ ልጅ ነሽና፣ ፊሽካ ነፍቶ የተነሣ ባቡር ለማንም እንደማይመለስ አባትሽ ሲናገር ሰምተሻል፤ መርከብም እንደዚያው ነው። በመርከቡ በኩል የተገዛ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል ወይም ኩባንያው በራሱ ወጪ ያደርሳችኋል፤ ከወደቡ ደጅ በርካሽ የተከራያችሁት ታክሲ ቢበላሽ ግን ኃላፊነቱ የእናንተ ነው። አዛውንት ይዛችኋልና እኔ ብሆን ራቅ ወዳለ ቦታ የምሄደው በመርከቡ ጉብኝት ብቻ ነው፤ በራሳችሁ ስትወጡም ከወደቡ ብዙ ሳትርቁ፣ ከመጨረሻው የመግቢያ ሰዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ቀድማችሁ ተመለሱ። ግራንድ ኬይማን ላይ መርከቡ ከወደብ ስለማይጠጋ የምትወርዱት በትንሽ ጀልባ ነው፤ ከመርከቡ ወደ ጀልባው ስትሻገሩ ወለሉ ከፍ ዝቅ ይላል። ሠራተኞቹ እጅ ይዘው ያሻግራሉ፤ ባሕሩ ከተናወጠ ግን አማትሽ መርከቡ ላይ ቢውሉ ይሻላል።

ገና ሳትነሡ የሚደረገውን የአደጋ ጊዜ ልምምድ እንደ ተራ ወግ አትቁጠሩት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 13 ቀን 2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለችው መርከብ በጣሊያን ጂሊዮ ደሴት አጠገብ ከዐለት ጋር ተጋጭታ 32 ሰዎች ሞተዋል፤ በዚያኑ ዕለት የተሳፈሩት መንገደኞች ልምምዱን ገና አላደረጉም ነበር፤ የያኔው ደንብ የ24 ሰዓት ጊዜ ይሰጥ ነበርና። ከዚያ ወዲህ ልምምዱ ከመነሣት በፊት ወይም እንደተነሡ ወዲያው እንዲደረግ ሆኗል። አማትሽ እንግሊዝኛ ስለማይሰሙ የልምምዱን ቪዲዮ ማየታቸው ብቻ አይበቃም፤ ክንዳቸውን ይዘሽ ከካቢናቸው እስከ መሰብሰቢያው ቦታ በደረጃ በኩል አድርሰሽ መልሻቸው፤ በአደጋ ጊዜ አሳንሰር አይያዝምና። ሰባት አጭር፣ ከዚያም አንድ ረጅም ድምፅ ሲሰማ መሄጃው ወደዚያ እንደሆነ አስጠኚያቸው።

ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ስለሚገባ ስለ ምግባቸውም ከአሁኑ አሳውቂ። ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ምግብ በትልልቆቹ መርከቦች ይዘጋጃል፤ ዓሣ እንደማይበሉ ግን ለይተሽ ተናገሪ፤ ዳቦውና ሾርባው ቅቤ እንዳይኖረውም አስተናጋጁን በየማታው ጠይቂው። ቤት የተሠራ ምግብ ብዙ ኩባንያዎች አያስገቡም፤ ፋብሪካ ያሸገው ደረቅ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ጀበናውን፣ የኤሌክትሪክ ምድጃውን፣ ዕጣኑንና ካውያውን እቤት ተዉ፤ መርከብ ላይ ከእሳት የከፋ አደጋ ስለሌለ ፍተሻው ላይ ይወሰዳሉ። ከምግብ በፊት እጃችሁን በውኃና በሳሙና ታጠቡ። በየበሩ የተቀመጠው የአልኮል ቅባት መርከብ ላይ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣውን ኖሮቫይረስ በደንብ አይገድለውም። ለአማትሽ ነጠላ ብቻ ሳይሆን ጋቢም ያዢላቸው፤ ደጁ ቢሞቅም አዳራሾቹ በኤሲ በጣም ይቀዘቅዛሉ።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልልሽም። የአስተናጋጆች ቲፕ በአብዛኞቹ ኩባንያዎች በየቀኑ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ስለሚታሰብ ከቲኬቱ ዋጋ ጋር ደምሪው። መርከቡ ላይ የምታወጡትን ሒሳብ በዴቢት ካርድ አታስመዝግቢ፤ ገንዘብሽን ለቀናት ሊይዙብሽ ይችላሉ። ስልካችሁንም ገና ሳትነሡ በአውሮፕላን ሁኔታ አድርጉት፤ ባሕር ላይ የሚቆጥረው ሂሳብ እጅግ ውድ ነው።

በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣዎቹ ከካቢን ውጭ ተቀምጠው ይወሰዳሉ፤ የጠዋት ልብሳችሁንና ጫማችሁን፣ የአማትሽን መድኃኒትም አብራችሁ እንዳትሰጡ። ለመውረጃ ዊልቸር የምትፈልጉላቸው ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት ጠይቁ። ከመርከቡ ፍራፍሬም ሆነ ሥጋ ይዛችሁ አትውረዱ፤ ጉምሩክ ይቀጣል።

ትኬቱን ስታረጋግጪ የመርከቡን ስም፣ የካቢናችሁን ቁጥርና በየወደቡ ያለውን የኩባንያ ወኪል ስልክ ላኪልኝ፤ ለአማትሽ ልጆችም አንድ ቅጂ ሐረር አደርሳለሁ። የቪዛውን ነገር ግን በዚህ ሳምንት ጨርሺና ደውዪልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ