የሮቦቲክስ ክበብ፦ ጋቢ ያላየችው መኪና

ክበባችን ዘንድሮ የሠራው አንድ ነገር ነው፤ እንቅፋት ሲያጋጥማት ራሷ የምትቆም ትንሽ መኪና። በወላጆች ቀን "ይሄ ብቻ?" ሲባል ሰምቻለሁ። አዎ፣ ይሄ ብቻ። ማስኬዱ ምንም አልነበረም፤ ትቆማለች ብሎ መተማመኑ ነው ዓመቱን የፈጀው።

የአርዱይኖ ቦርድ (በፕሮግራም የሚታዘዝ ትንሽ ኮምፒውተር)፣ ሁለት ሞተርና አንድ የድምፅ ሴንሰር ነበራት። ሴንሰሩ ለጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልክና ነጥሮ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያወጣል። ግድግዳ ፊት አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

የካ አባዶ በታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ አይጣል ነው። አንድ ቅዳሜ የጥበቃችን ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው ብቅ ቢሉ መኪናዋ ሄዳ እግራቸውን ገጨች። ወፍራም ጋቢ ድምፅ ይውጣል። ድምፁ ካልተመለሰ ፕሮግራሙ 0 ይመዘግባል፤ 0 ርቀት ደግሞ ለመኪናዋ "ቁሚ" ማለት ነበር። ልጆቹ ደግሞ በየደቂቃው ያለምክንያት ስትቆም ስላማረራቸው "0 ከመጣ እለፈው" የሚል መስመር ጨምረውባት ነበር። ሴንሰሩ "አላውቅም" ሲል "መንገዱ ክፍት ነው" ተባለለት። ጋሼ ሳቁ። እኔ ግን የዕለቱን ሥራ እዚያው ላይ አስቆምኩት።

ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው ቦይንግ 737 ማክስ 157 ሰዎች አልቀዋል። ኤምካስ የተባለው የአውሮፕላኑ አውቶማቲክ ሲስተም አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች የገፋው የአንድ ሴንሰር የተሳሳተ ንባብ አምኖ ነው። ሁለተኛ ሴንሰር ነበረ፤ ኤምካስ ግን አያየውም ነበር። ከማስተካከያው ወዲህ ሁለቱን ያነጻጽራል፤ ካልተስማሙ እጁን ይሰበስባል።

እኛም ኢንፍራሬድ፣ ማለትም በዓይን በማይታይ ብርሃን የሚሠራ ሁለተኛ ሴንሰር፣ ጨመርን። ነጭ ጋቢ አያመልጠውም። ሁለቱ ካልተስማሙ መኪናዋ ትቁም ተባለ። መቆም አበዛች።
"ቲቸር፣ ይቺ እኮ መኪና ሳትሆን አህያ ናት!" አለ አንዱ።
አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ቀበል አድርጋ "አህያም ብትሆን ሰው አትገጭም" አለችው።

ልቤ ከእሷ ጋር ነው። ልጁም ግን እውነት አለው፤ ነጋ ጠባ የምትቆም ማሽን ሰው ስለሚሰለቻት ጥንቃቄዋን ያጠፋባታል። ያቺ የ0 መስመር የገባችውም በዚሁ ነው። ስለዚህ አሁን ስትጠራጠር ፍጥነት ትቀንሳለች፤ ጥርጣሬው ከቀጠለ ትቆማለች።

ለባትሪው ወመህን (የወላጅ መምህር ኅብረትን) እናመሰግናለን። ኢንፍራሬዱ ፀሐይ ላይ ስለሚታወር ግቢ ውስጥ አልሞከርናትም፤ እሱ የመስከረም ሥራ ነው። 9ኛ ክፍል የምትገቡ፣ ኮዲንግ ባትችሉም ኑ። መኪናዋን የሚያሳስት ነገር ፈልጎ የሚያመጣልን ሰው አጥተናል።